የደሴ ዳገትና ቤንዚን ውስጥ የምትጨመረው ጠብታ

ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ አንድ ጎማ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ሞተር የገጠመባትን ሳይክል በጉልበቱ ደግፎ ቆሟል። እጁ ላይ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አለ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ሽታው ግን ከሩቅ ይጣራል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን ነው። የሰርባትዮውን (የቤንዚን ቋቱን) ክዳን ከፈተ፣ ሲሪንጁን ገፋ፣ ከዚያ ሳይክሏን ግራ ቀኝ ወዘወዛት።

«ምን እየጨመርክባት ነው?»

«አብሽር ጋሼ፣ አሴቶን ነው። ጉልበት ይሰጣል አሉኝ። ዳገት ላይ እየደከመች አስቸገረችኝ እኮ።»

ማን እንዳለው ጠየቅኩት። አንዱ ጓደኛው ቪዲዮ ላይ አይቶ ነው። ሌላው ናፍታሊን ይሻላል ብሎታል። ሦስተኛው ካቲካላ መክሮታል።

ወሬው የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ቤንዚን እንደልብ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ማደያ ላይ ተሰልፎ ያጣ ሰው መንገድ ዳር በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጠውን በውድ ይገዛል። አንዷ ሊትር ትንሽ ራቅ አድርጋ እንድትወስደው የማይመኝ ማን አለ? ግን ስለ ጭማሪ የሚወራውና ሞተር ውስጥ በትክክል የሚሆነው ነገር በጣም ይራራቃሉ። ደሴን በመሰለ ከፍታ ላይ ደግሞ ርቀቱ ይብሳል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ይቺ ሞተር እንዴት ነው የምትሠራው?

ሳይክል ላይ የሚገጠሙት ሞተሮች አብዛኞቹ ከቻይና በካርቶን ተሽገው የሚመጡ፣ ባለ ሁለት ምት የሚባሉ ናቸው። መጠናቸው 48 ወይም 66 ሲሲ ነው። ሲሲ ማለት ፒስተኑ (ሲሊንደር በሚባለው ቱቦ ውስጥ የሚመላለሰው ብረት) ከታች ወደ ላይ ሲሄድ የሚጠርገው ቦታ ስፋት ነው። 66 ሲሲ አንድ የቡና ሲኒ ያህላል። በቃ፣ ሰውዬውንና ሳይክሉን ዳገት የሚያወጣው በዚያች ሲኒ ውስጥ የሚነድ እሳት ነው።

ባለ ሁለት ምት የተባለችው ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ አንዴ በወረደ ቁጥር አንድ እሳት ስለሚነድ ነው። በደቂቃ 4,000 ጊዜ ስትዞር 4,000 ጊዜ ትተኩሳለች። የመኪና ሞተር ግን ለአንድ እሳት ሁለት ዙር ይፈልጋል።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉልኝ። መኪና ከሥሩ የዘይት ቋት አለው። ይቺ ሞተር የላትም። ዘይቷን የምታገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ቤንዚን ሲገባ ዘይትም ይገባል፤ ቤንዚን ሲቀር ዘይትም ይቀራል።

እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ ምጣዱን በጎመን ዘር ያስሱታል። ያቺ ስስ ቅባት ካለች እንጀራው ልስልስ ብሎ ይነሳል። ካልታሰሰ ይይዛል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ምጣድ ነው በሉ። ፒስተኑና ዙሪያው ላይ ያለው ቀለበት (ፋሻው) በዚያች ስስ ዘይት ላይ ነው የሚንሸራተቱት። ቤንዚን ውስጥ የምንጨምረው ማንኛውም ነገር መጀመሪያ የሚመዘነው በዚህ ነው፤ ማሰሻውን ያጥባል ወይስ አያጥብም?

ኦክቴን ይጨምራል ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

በጠርሙስ የሚሸጡት ጭማሪዎች ብዙዎቹ «ኦክቴን ከፍ ያደርጋል» የሚል ጽሑፍ አላቸው። ሰው ይህን ሲያነብ «ጉልበት ይጨምራል» ብሎ ይረዳዋል። ትልቁ ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ኦክቴን የጉልበት መለኪያ አይደለም፤ የትዕግሥት መለኪያ ነው።

ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የቤንዚንና የአየር ድብልቁን ይጨምቀዋል። የተጨመቀ አየር ይሞቃል። የሳይክል ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው ያውቀዋል፤ ፓምፑ ጫፉ ላይ ይግላል። ድብልቁ እሳት የሚጭረው ካንዴላ እስኪተኩስ መጠበቅ አለበት። ከተተኮሰ በኋላም እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ በተራ መዳረስ አለበት። ትዕግሥት የሌለው ቤንዚን ግን ተራው ሳይደርስ፣ ጥጉ ላይ እንዳለ በራሱ ቦግ ይላል። መንዙማ ላይ ሁሉም ከድቤው ጋር ሲያጨበጭብ አንድ ሰው ቀድሞ ቢያጨበጭብ ምቱ እንደሚፋለሰው ማለት ነው። ሞተር ላይ ሲሆን ድምፁ እንደ ብረት ያንኳኳል፤ ሲደጋገም ፒስተን ይበሳል።

ኦክቴን ቁጥሩ ከፍ ያለ ቤንዚን እንዲህ ሳይቸኩል ብዙ መጨመቅን ይችላል። በኃይል ለሚጨምቁ ሞተሮች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ያሉ ብዙ መኪኖች ድብልቁን 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ይጨምቃሉ። የሳይክሏ ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 እጥፍ ብቻ ነው። ለማይጨመቅ ነገር ትዕግሥት ቢጨመርለት የሚለወጥ ነገር የለም።

የጭማሪ ታሪክ ራሱ የጀመረው በዚሁ ማንኳኳት ነው። እ.ኤ.አ በ1921 ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ፣ እርሳስ ያለበት ውህድ ቤንዚን ውስጥ ጥቂት ጠብ ሲል ማንኳኳቱ እንደሚጠፋ ደረሰበት። ሠራ። ዓለም ሁሉ ተጠቀመበት። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው እርሳስ ግን የሰውን ደም፣ ከሁሉም በላይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነበር። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ እስከ 2006 መጀመሪያ ተዉት። ለመኪና መሸጡን በመጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ናት፤ እ.ኤ.አ በ2021። አንዲት ጠብታ ሞተሩን ጠቅማ ሰውን ለመቶ ዓመት እንደጎዳች ማየት ይቻላል። ዛሬ በጠርሙስ ከሚሸጡት ኦክቴን ከፍ ማድረጊያዎች ውስጥ ማንጋኒዝ ወይም ብረት ያለባቸው ውህዶች የገቡባቸው አሉ። እነሱም ካንዴላ ላይ ቀይ ዝገት የሚመስል ነገር ይተዋሉ። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ይጠቅመናል።

ታዲያ ደሴ ላይ ለምን ትደክማለች?

አየር ስላነሳት ነው።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሩብ ያህሉ ጎድሏል። ማስረጃው ከማጀት አለ፤ ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ገደማ ነው። ንፍሮ ከኮምቦልቻው ይልቅ እሳት ላይ የሚቆየው ለዚህ ነው።

ቤንዚን ብቻውን አይነድም። አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ እንዲነድ ወደ 14.7 ግራም አየር ይፈልጋል። ሞተሯ በአንድ ትንፋሽ የምትስበው ያው አንድ ሲኒ ነው። ሲኒው ግን ደሴ ላይ አይሞላም፤ ሩብ ያህሉ ጎደሎ ነው። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡሬተር ደግሞ ይህን አያውቅም። ፋብሪካው ለቆላ አየር በበሳት ትንሽ የናስ ቀዳዳ ቤንዚኑን ይለቃል። አየሩ ቀነሰ፣ ቤንዚኑ ግን የአየሩን ያህል አልቀነሰም። ውጤቱ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ነው።

ከሰል ምድጃ ላይ ከሰል ከምሮ አየር መግቢያውን መድፈን ማለት ነው። ይጨሳል፣ ያፍናል፣ አይነድም። የልጁ ሞተርም እንዲሁ ነበረች። ከማርሚታዋ (ከጭስ ማውጫዋ) ጥቁር ዘይት ይንጠባጠባል። ዳገት ላይ «ብብብብ» ትላለች እንጂ አትጮህም። ቤንዚን ትጠጣለች። እሱ የነዳጅ ድካም መሰለው። ድካሙ የአየር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የሳሳ አየር ሲጨመቅ የሚደርስበት ግፊትም ያንሳል። ግፊቱ ካነሰ ቤንዚኑ የመቸኮል ዕድሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ሞተር የሚፈልገው ኦክቴን ከቆላው ያነሰ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደ ኮሎራዶ ባሉ ተራራማ ግዛቶች ማደያዎች 85 ኦክቴን ይሸጣሉ፤ በሌላው አካባቢ ግን የተለመደው ዝቅተኛ 87 ነው። ደሴ ላይ፣ በዝቅተኛ መጭመቂያ ሞተር፣ ኦክቴን ከፍ ማድረጊያ ገዝቶ መጨመር ለጠገበ ሰው ጉርሻ ነው።

አሴቶን፣ ናፍታሊን፣ ካቲካላ... አንድ በአንድ

ልጁ ከያዘው እንጀምር። አሴቶን በሊትር ሲለካ የሚሰጠው ሙቀት ከቤንዚን ከሩብ በላይ ያንሳል። ጉልበት ሊጨምር የሚችልበት በር እዚህ ጋ ይዘጋል። ደግሞም መጠኑን አስቡት፤ 2 ሊትር በሚይዝ ሰርባትዮ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ማለት ከ200 አንድ እጅ ነው። ይህ ለሞተሯ ምንም አይደለም። ብዙ ሲጨመር ግን ለጎማውና ለፕላስቲኩ ምንም አይደለም ማለት አይቻልም። አሴቶን የተፈጠረው ለማሟሟት ነው። የጥፍር ቀለም የሚያነሳ ነገር የቤንዚን ቱቦ ያሳብጣል፣ የካርቡሬተሩን ጎማ ያላላል፣ የሰርባትዮውን ቀለም ይልጣል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ምጣዱን የሚያጥብ መሆኑ ነው። ያቺን ስስ የዘይት ማሰሻ ያሳሳታል። በዚያ ላይ ሞተሩ እንደጋለ አጠገቡ ቆሞ አሴቶን መክፈት እሳት መጥራት ነው። ልጁ ያን ዕለት ከዳገት እንደመጣ ነበር ሰርባትዮውን የከፈተው፤ እኔን ያስደነገጠኝ ከምንም በላይ ይህ ነው።

ናፍታሊን ልብስ ብል እንዳይበላው ቁም ሣጥን ውስጥ የምናስቀምጣት ነጭ ክብ ናት። ወሬው የቆየ ነው፤ መነሻም አለው። ድሮ የቤንዚን ኦክቴን በጣም ዝቅ ባለበት ዘመን ናፍታሊን ማንኳኳቱን ትንሽ ይረዳ ነበር። የዛሬ ቤንዚን ግን ከዚያ አልፏል። ናፍታሊን ቤንዚን ውስጥ ይሟሟል፤ ቤንዚኑ ሲተን ግን አብሮ አይተንም። ጠጣር ሆኖ ይቀራል። ሳይክሏ ሁለት ሳምንት ከቆመች ያ ነጭ ቅርፊት የሚቀመጠው የት ነው? እዚያች ከ1 ሚሊ ሜትር በታች በሆነችው የናስ ቀዳዳ ላይ።

ካቲካላ ላይ ቆም ልበል፤ ምክንያቱም ሐሳቡ ከእውነት የተወለደ ነው። አልኮል በእርግጥ ነዳጅ ነው። አገራችን ራሷ ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚወጣ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ቀላቅላለች፤ አዲስ አበባ ላይ በ2001 ዓ.ም 5 በመቶ፣ በ2003 ደግሞ 10 በመቶ ተብሎ ነበር። የኤታኖል ኦክቴን ከቤንዚን ከፍ ይላል። በውስጡም ኦክሲጅን ይዟል።

ልዩነቱ ውሃው ነው። ለነዳጅ የሚውለው ኤታኖል ውሃው ተለቅሞ የወጣለት ነው። ካቲካላ ግን ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ለልጁ ያሳየሁት በአንድ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ነው። ግማሽ ድረስ ቤንዚን ጨመርን። ላዩ ላይ አንድ መለኪያ ካቲካላ አፈሰስንበት። ዘግተን ወዘወዝነው። መጀመሪያ እንደ ጠላ ደፈረሰ። ከዚያ ዝም ብለን አየነው። ከሥር ወፍራም መስመር ሠራ፤ ከላይ ቤንዚኑ ለብቻው፣ ከታች ውሃና አልኮሉ ለብቻቸው። ልጁ ፕላስቲኩን ወደ ፀሐይ አንስቶ መስመሩን በጣቱ ተከተለው። «ቤንዚኑ የሚወጣው ከሰርባትዮው ሥር አይደል እንዴ?» አለ። አዎ፣ ከሥር ነው። ስለዚህ ሞተሯ መጀመሪያ የምትጎነጨው ቤንዚን ሳይሆን ያንን ውሃ ነው። በውሃው ውስጥ ደግሞ ዘይት የለም።

የኮሮና ጊዜ ሳኒታይዘር የሚጨምሩም አሉ፤ ታሪኩ ያው ነው፤ ውሃ አለበት፣ አንዳንዱም እንደ ሙጫ የሚያደርገው ነገር ተጨምሮበታል።

ነጭ ጋዝ ግን ጭማሪ ሳይሆን ማጭበርበሪያ ነው። ሰው አውቆ አይጨምረውም፤ መንገድ ዳር ከሚሸጠው ቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ኦክቴኑ በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ያጨሳል፣ ሞተር ያንኳኳል። መለያው ቀላል ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጉና ጥላ ሥር አስቀምጡት። ንጹሕ ቤንዚን ወዲያው ተኖ ምንም አይተውም። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ካለበት ቅባት መሰል ክብ ይቀራል። ይህ የሚሠራው ዘይት ሳይቀላቀልበት በፊት ነው፤ ዘይት ከገባ ወረቀቱ ምንጊዜም ይቀባል።

«ግን እኮ ለውጥ ተሰምቶኛል!»

ይህን የሚል ሰው አይዋሽም። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል።

አንደኛው እውነተኛ ለውጥ ነው። ከላይ እንዳልነው ደሴ ላይ ድብልቁ ቤንዚን በዝቶበታል። ኦክሲጅን ያለው ነገር፣ ለምሳሌ ንጹሕ አልኮል 10 በመቶ ያህል ቢገባበት ድብልቁ ትንሽ ይሳሳል። ያፈናት ነገር ቀለል ይላታልና ሞተሯ ትነቃለች። መድኃኒቱ አልኮሉ ግን አይደለም። የሳሳው ድብልቅ ነው። እሱ ደግሞ ካርቡሬተሩ ላይ በነፃ ይገኛል።

ሁለተኛው ጆሯችንና ተስፋችን ነው። ገንዘብ አውጥቶ የገዛውን ነገር የጨመረ ሰው ሞተሩን በተለየ ጆሮ ነው የሚሰማው። ሳያውቀው ቤንዚን መስጫውን አጥብቆ ይዞታል። ጠዋት አየሩ ቀዝቃዛና ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ከሰዓት ሞቆ ይሳሳል። ንፋስ ከኋላ ሲመጣ ሞተር ጎበዝ ይሆናል።

ከልጁ ጋር ይህን ለመለየት አንድ ዳገት መረጥን። ከአንድ የመብራት ምሰሶ ተነስቶ ሌላው ጋ እስኪደርስ። እሱ ይነዳል፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ። መጀመሪያ ምንም ሳይጨመር አምስት ጊዜ ወጣ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባን። ምንም ሳይለወጥ፣ ያው ሰው፣ ያው ቤንዚን፣ አንዱ ጉዞ ከሌላው በብዙ ሰከንድ ይለያያል። አሴቶኑ ያመጣው የተባለው ለውጥ በዚህ መሃል የሚዋጥ ነበር። ለመሞከር የምትፈልጉ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህን ሳትዘሉ አድርጉት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ጀምሩ። ዳገቱን ደጋግማችሁ ውጡ። ፍጆታ መለካት ካማራችሁ 100 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ለክታችሁ ባዶ ሰርባትዮ ውስጥ አድርጉና እስክትቆም ንዷት። ከተቻለ የሚነዳው ሰው ምን እንደተጨመረ አይወቅ። ልጁ በዚህ መንገድ ሲሞክረው የአሴቶኑን ቀን ከባዶው ቀን መለየት አልቻለም።

ታዲያ ጉልበቷን ምን ይመልስላታል?

ሳንቲም የማያስወጣው ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ነው። ሞተሯን ዳገት ላይ በሙሉ ቤንዚን ትንሽ ንዱ፤ ከዚያ ሳታዘገዩ አጥፏት። ሲበርድ ካንዴላውን ፍቱና ጫፉን እዩ። ቡና ስትቆሉ እንደምታዩት ቀለም ነው የሚነበበው። ደንበኛ እንደተቆላ ቡና ደረቅ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ልክ ነው። እንዳረረ ቡና ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። እንደ ጥሬ ቡና ነጣ ካለ ግን ቆም በሉ፤ ቤንዚን አንሷታል፣ እየጋለች ነው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለ ኦክቴን ከፍ ማድረጊያ የተጠቀመ ሰው ካንዴላው ቀይ ቅርፊት ስለሚለብስ ይህን ቀለም ማንበብ አይችልም። ዓይኑን በገንዘቡ ሸፈነ ማለት ነው።

የልጁ ካንዴላ ያረረ ነበር። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አጠብን፤ አቧራው ስፖንጁን ጭቃ አድርጎት ነበር። ቀጥሎ ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን መስጫው የሚጎትታትን መርፌ አወጣን። አናቷ ላይ ትንንሽ ጥርሶችና አንዲት ቀጭን ቀለበት አሉ። ቀለበቷን አንድ ጥርስ ወደ ላይ ስናወጣት መርፌዋ ዝቅ ትላለች፤ ቤንዚኑም ይቀንሳል። ለውጡ መሃል መንገድ ላይ ተሰማ። ሙሉ ቤንዚን ሲሰጥ ግን አሁንም ታፍናለች። ያንን የሚወስነው ያቺ የናስ ቀዳዳ ናት፤ መካኒኮች ጄት ይሏታል። ቀዳዳዋ አንድ ደረጃ የጠበበች ተገዝታ ተቀየረች። እንደገና ካንዴላ፣ እንደገና ዳገት። «ብብብብ»ው ጠፋና የጠራ ድምፅ መጣ።

የጎደለው ሩብ አየር አልተመለሰም፤ አይመለስምም። ደሴ ላይ ያቺ ሞተር ቆላ ላይ የምትሰጠውን ጉልበት በምንም አትሰጥም። ያለውን አየር ግን በአግባቡ ትጠቀምበታለች።

ዘይቱን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስህተት ልጥቀስ። ብዙ ሰው «ዘይት በበዛ ቁጥር ሞተር ይድናል» ብሎ በግምት ይገለብጣል። አዲስ ሞተር እስክትላመድ 16 ለ1 ይመከራል፤ በአንድ ሊትር ቤንዚን 62 ሚሊ ሊትር ገደማ። ከዚያ በኋላ 25 ለ1 የተለመደ ነው። ይኸውም በሊትር 40 ሚሊ ሊትር፣ በዚያችው ባለ 10 ሲሪንጅ አራት ጊዜ። ከልክ በላይ ዘይት ያጨሳል፣ ማርሚታ ይደፍናል። በቀዳዳዋ ውስጥ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠን ያው ስለሆነ ዘይቱ የያዘው ቦታ ከቤንዚኑ ላይ ይቀነሳል።

የሚጠቅም ጭማሪ አለ?

አለ። አንደኛውን ሁሉም ሰው ይጨምረዋል፣ ጭማሪ መሆኑን ግን አያስበውም፤ ራሱ የባለ ሁለት ምት ዘይት ነው። ውስጡ ሞተር የሚያጸዳ፣ ጭስ የሚቀንስና ዝገት የሚከላከል ነገር ተቀምሞበታል። ጠርሙሱ ላይ «ጃሶ» (JASO) የሚል ደረጃ ፈልጉ። «ኤፍ ሲ» (FC) የሚለው ጭሱ አነስተኛ ነው፤ «ኤፍ ዲ» (FD) የሚለው ከዚያም በላይ ያጸዳል። ለመኪና ሞተር የተሠራ ዘይት በሱ ቦታ አይተካም፤ ተቃጥሎ እንዲያልቅ አልተሠራምና ከሰልና አመድ ይተዋል። ለጥቂት ብር ልዩነት ከዚህ ላይ መቆጠብ ያሳዝነኛል፤ ያው ሰው ለአሴቶን ገንዘብ አውጥቷል።

ሁለተኛው ቤንዚን ሳይበላሽ የሚያቆይ ነው። ሳይክሏን ክረምቱን ሙሉ ለሚያቆም ሰው ይረዳል። ካልተገኘ ግን ሰርባትዮውንና ካርቡሬተሩን ማድረቅ ያንኑ ሥራ በነፃ ይሠራል።

ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድስ?

ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሞተር የሚሞተው ዳገት ላይ ሳይሆን ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ነው።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ከ2,500 ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሰው ቁልቁለት ላይ ምን ያደርጋል? ቤንዚን መስጫውን ይለቃል። ሳይክሏ ግን በራሷ ክብደት ትሮጣለች፤ ካቴናው ሞተሯን እየጎተተ በኃይል ያሽከረክራታል። ፒስተኑ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል። ቤንዚን ተዘግቷል። ቤንዚን ከተዘጋ ዘይትም የለም። ምጣዱ እንደጋለ ነው፣ ማሰሻው ግን ቆሟል። ፒስተኑ ግድግዳውን ይነክሳል፤ የኋላ ጎማው በቁልቁለት መሃል ቀጥ ይላል።

አሴቶን ተጨምሮባት ዘይቷ የሳሳ ከሆነ ይህ ፈጥኖ ይመጣል። የሚደረገው ቀላል ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮኑን ያዙና ሞተሯን በሚኒሞ ተዉአት፤ ሳይክሏን ፍሬኑ ይያዛት። ስለዚህ ከደሴ ከመነሳታችሁ በፊት የሁለቱንም ጎማ ፍሬን እዩ። ፍሪሲዮን ይዞ መውረድ የሚያስቸግር ከሆነ በየጥቂት ሰከንዱ ቤንዚኑን ነካ ነካ አድርጉላት፤ ዘይት ትቅመስ።

ሌላው ጄቱ ነው። ደሴ ላይ የጠበበችው ቀዳዳ ኮምቦልቻ ላይ ልትጠብ ትችላለች። ባቲ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ሚሌ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ከዚያም በጣም ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። አየሩ ጥቅጥቅ ሲል በደሴ ጄት የምትሄድ ሞተር ቤንዚን ያንሳታል፣ ትግላለች። ልጁ አሁን የድሮዋን ጄት በካልሲ ጠቅልሎ ከካንዴላ መፍቻው ጋር ኮርቻው ሥር ያስራታል። ኮምቦልቻ እንደደረሰ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፤ ሞተሯ እስክትበርድ ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያ ካንዴላውን ፈትቶ ቀለሙን ያያል። ነጣ ካለ እዚያው ይቀይራታል።